ማሳሰቢያ፦ በእግር ወደ ደብረ ሊባኖስ ለምትነሡ የቂርቆስና የካዛንቺስ ምእመናን

ግንቦት 12፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ሲቃረብ «ዘንድሮስ በእግሬ ነው የምሄደው» የሚል ሰው በየቤቱ ይበዛል። ስለት ያለበት አለ፤ ልጁ ከአልጋ የተነሣለት አለ። ጉዞውን ተዉት አልልም። ሳትተዋወቁና ሳትመዘገቡ ግን አትነሡ።

ድሮ ካዛንቺስ ሰው ለመንገድ ሲነሣ የሰንበቴ ወንድሙም የዕድሩ ዳኛም ያውቃሉ፤ ጎረቤት ስንቅ ያዋጣል። ስኳር ያለበት ማን እንደሆነ፣ የማን ጉልበት እንደሚከዳ አብሮ የሚሄደው ሁሉ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ያ ጉርብትና በየአቅጣጫው ተበተነ። አሁን ሰው በስልክ ተጠራርቶ ይገናኛል፤ አብሮት የሚራመደውን ስም እንኳ አያውቅም። አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ማን ይፈልገዋል? በግንቦት 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው ጄኔራል የግራዚያኒ ወታደሮች ደብረ ሊባኖስን ሲፈጁ ለዚሁ በዓል የመጡ ምእመናንም ከመነኮሳቱ ጋር ወድቀዋል። ከነዚያ ተሳላሚዎች የብዙዎቹ ስም ጠፍቶ ቀርቷል። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ስማችሁን፣ ሕመማችሁንና የቤተሰባችሁን ስልክ በሰበካ ጉባኤው ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አስመዝግቡ። ገንዘብ የሚሰበስብ አስተባባሪ ካለ ከየትኛው ደብር እንደተላከ ጠይቁ፤ ካልነገራችሁ አብራችሁት አትሂዱ።

መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንጦጦን ወጥቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ ያልፋል። ወደ ጎጃም የሚወስደው ዋና አስፋልት ይኸው ነው፤ ጫንጮ ላይ ደግሞ ከደርባ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች ይገቡበታል። ከሁሉ የምፈራው የሌሊቱን ጉዞ ነው። ብዙዎች ፀሐይ እንዳይመታቸው ብለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይነሣሉ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ነጭ ነጠላ ከጭጋጉ አይለይም፤ ሾፌሩ የሚያያችሁ አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ሲነጋ ተነሡ፤ ሳይመሽ ከምታድሩበት ቤተ ክርስቲያን ድረሱ። መኪና ከፊታችሁ እንዲመጣ የመንገዱን ግራ ይዛችሁ፣ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ፣ በአንድ ረድፍ ሂዱ። መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ አትራመዱ።

የጸጥታው ነገር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የዝቋላ መነኮሳት ተገድለዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ በዚሁ በጎጃም መንገድ፣ ከደብረ ሊባኖስ አልፎ ገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። በምትነሡበት ሳምንት ከገዳሙ ጋር የሚገናኝ አገልጋይ ስለ መንገዱ ጠይቁ። «ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ፤ ወይም እስከ ገዳሙ መገንጠያ በመኪና ሄዳችሁ የቀረውን በእግር ውረዱ። ስለቱ እንዴት እንደሚፈጸም ከንስሐ አባታችሁ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን «ጸበል አለ» ብላችሁ ቤት አትተዉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሱ። ግንቦት 12 ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም የለበትም፤ በሶና ውኃ ያዙ። ጫማው አዲስ አይሁን። ሰው ቢወድቅ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

ገዳሙ ያለው ቁልቁል ገደሉ ሥር ነው፤ በደከመ ጉልበት ስትወርዱ ሽማግሌዎችን ደግፉ። ስለታችሁ ለመሄድ ነውና ስትመለሱ በመኪና ተመለሱ። ቤት እንደገባችሁም ስማችሁን ለመዘገበው ሰው ደውሉ፤ እስክትደውሉ ድረስ መንገድ ላይ ናችሁ ብሎ ይጠብቃል።