ሳሬማ፦ ያለፈው ዘመን ገና ያላለፈባት የኢስቶኒያ ደሴት

ከኢስቶኒያ ዋና ምድር ወደ ሳሬማ የሚጓዝ ሰው ከቪርትሱ ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ባሕር ያቋርጣል። የሚደርሰው ሙሁ ከተባለችው ትንሽ ደሴት ነው። በሙሁና በሳሬማ መካከል ያለው ጠባብ ባሕር ከ1896 ጀምሮ መንገድ ተደልድሎበታል፤ ቀሪው ጉዞ በመኪና ነው።

በሶቪየት ኅብረት ዘመን ግን ይህ ጉዞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ደሴቷ የምዕራቡ ዓለም ድንበር ተደርጋ በመቆጠሯ የዚያው አገር ዜጋ እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባባትም ነበር። ዛሬ ጎብኚን የሚስበው ፀጥታዋና ያልተነካ የገጠር ገጽታዋ በከፊል የዚያ ክልከላ ውጤት ነው።

ሳሬማ 2,670 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ የኢስቶኒያ ትልቋ ደሴት ናት። ከ30 ሺህ ጥቂት የሚበልጠው ሕዝቧ በብዛት የሚኖረው በዋና ከተማዋ በኩሬሳሬና በአካባቢዋ ነው። በከተማዋ ዳር፣ በውኃ በተሞላ ቦይ ተከብቦ የቆመው የጳጳሳት ግንብ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዶሎማይት ድንጋይ የታነጸ ነው። ዴንማርክ፣ ስዊድንና ሩሲያ ተፈራርቀውበታል። የሳሬማ ቤተ መዘክር የሚገኘውም በዚሁ ግንብ ውስጥ ነው።

ግንቡ የሚናገረው

ግንቡ የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ብቻ አይደለም። በ1941 የጀርመን ጦር እየተቃረበ ሳለ የሶቪየት የፀጥታ ኃይሎች በቅጥሩ ውስጥ 90 ገደማ ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል። የቤተ መዘክሩ የዘመናዊ ታሪክ ክፍሎች ወረራውን፣ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙትን ቤተሰቦችና ከዚያ በኋላ የነበረውን ዕለታዊ ኑሮ ያሳያሉ። ከተማዋ ራሷ ከ1952 እስከ 1988 ድረስ ስሟን ተነጥቃ፣ በኮሚኒስቱ ቪክቶር ኪንጊሴፕ ስም ስትጠራ ቆይታለች።

ከኩሬሳሬ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ሰርቬ ወደተባለው ልሳነ ምድር ያመራል። በጥቅምት 1944 ሌሊት፣ ቴሁማርዲ በተባለ ስፍራ በማፈግፈግ ላይ የነበሩ የጀርመን ወታደሮችና የቀይ ጦር ተዋጊዎች በጨለማ ተደባልቀው በጨበጣ ተዋግተዋል። በቀይ ጦር ወገን የተሰለፉ ኢስቶኒያውያን ነበሩ። በልሳነ ምድሩ ላይ የተካሄደው ውጊያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ዘልቋል፤ ጀርመኖችም አብዛኛውን ነዋሪ ከቀዬው አፈናቅለው ወስደውታል። በቴሁማርዲ የወደቁት የሶቪየት ወታደሮች መቃብርና በሰይፍ ቅርጽ የተሠራው ረጅም ሐውልት በሶቪየት ዘመን የተተከሉ ናቸው።

ሐውልት ወይስ መቃብር?

ሩሲያ በ2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት እንዲህ ያሉ ሐውልቶች ዳግም የፖለቲካ ጥያቄ ሆኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የኢስቶኒያ መንግሥት በድንበር ከተማዋ ናርቫ የነበረውን የሶቪየት ታንክ አንስቶ ወደ ጦርነት ቤተ መዘክር ወሰደው። መንግሥት ያቋቋመው ቡድን 322 የመታሰቢያ ምልክቶችን መርምሮ 244ቱ እንዲነሱ ወይም በገለልተኛ የመቃብር ምልክት እንዲተኩ ሐሳብ አቀረበ። በ2023 መጀመሪያ ፓርላማው ያጸደቀውን ሕግ ግን ፕሬዝዳንት አላር ካሪስ ቃላቱ ግልጽነት ይጎድላቸዋል በማለት ሳይፈርሙበት መለሱት።

ክርክሩ ቀላል ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለብዙ ኢስቶኒያውያን ሐውልቶቹ አንዱን ወራሪ አባርሮ በቦታው የተተካን ሌላ ወራሪ ያወድሳሉ። ሆኖም ከአንዳንዶቹ ሥር የሰው አፅም አለ። አንድ ቅርስ ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ ከሌሎች ማስረጃዎች ጎን ቆሞ ይብራራል፤ አደባባይ ላይ ሲቆም ግን ክብር የተሰጠው ይመስላል። የናርቫው ታንክ ስፍራውን ሲለውጥ ትርጉሙም የተለወጠው ለዚህ ነው። መቃብርን ግን እንደ ታንክ አንስቶ መውሰድ አይቻልም።

ጥያቄው ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ላይ ሰፍሮ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወርድ፣ በዚያው ሥርዓት የተገነባው የትግላችን ሐውልት ግን ዛሬም እንደቆመ ነው። የትኛው ይነሣ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ውሳኔ በየትም አገር ከድንጋዩ ይልቅ ስለ ወሳኙ ትውልድ ይናገራል።

ከጦርነት ባሻገር

ሳሬማ ግን የጦር ሜዳ ብቻ አይደለችም። በካሊ መንደር ከሰማይ የወረደ ተወርዋሪ አካል የቆፈረው፣ 110 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ውኃ አቁሮ ይታያል። በአንግላ ኮረብታ አምስት የነፋስ ወፍጮዎች ተሰልፈው ቆመዋል። በቪኪ መንደር አንድ የገበሬ ግቢ ከነሙሉ ዕቃው ቤተ መዘክር ሆኗል። በሙሁ ደሴት የምትገኘው የኮጉቫ መንደር ደግሞ የድንጋይ አጥሮቿንና የሣር ክዳን ቤቶቿን እንደጠበቀች ሰው ይኖርባታል።

እነዚህ ስፍራዎች አብዛኛውን ጎብኚ የሚያገኙት በአጭሩ የበጋ ወቅት ነው። ኢስቶኒያ ከመስከረም 2022 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ሩሲያውያን ጎብኚዎች በሯን በመዝጋቷ፣ የአገሪቱ ቱሪዝም በፊንላንድ፣ በላትቪያና በአገር ውስጥ ተጓዦች ላይ ይበልጥ ተደግፏል። በባልቲክ ባሕር ወለል የተዘረጉ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች በ2023 እና በ2024 መጎዳታቸውም የአካባቢው ስጋት ከባሕሩ ሥር ድረስ መዝለቁን አሳይቷል።

በ1944 ሌሊት ወታደሮች የተናነቁበት ዳርቻ ዛሬ ቤተሰቦች በበጋ የሚዝናኑበት ነው። የሳሬማ ቤተ መዘክሮች ለጎብኚያቸው የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ሰላሙ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም፣ ሁልጊዜ ይኖራል ተብሎም አይታሰብም።