ከጓሮአችን፦ በዋንዛው ላይ ያለው እንግዳ

በነቀምቴ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ደብዳቤ ጽፈውልናል። በጓሮአቸው ቡናቸውን የሚያጠላ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ በቅርንጫፉም ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ሲመሽ ሽታው እስከ በረንዳ የሚደርስ ተክል በቅሏል። ባለቤታቸው ግን «ይህ ተቀጽላ ነው፤ ዛፉን መጦ ያደርቀዋል» ብለው ሊያስጠርጉት ቆርጠዋል። በአሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ የሚያሳድገውን «የበቅሎ ጆሮ» የተባለ ኦርኪድ ፎቶግራፍ ልኮላቸው፣ እርሱን የመሰለ ለማግኘት ተመኝተዋል። ስለ ሁለቱም ምክር ይጠይቃሉ።

በመጀመሪያ ስለ ዋንዛው እንናገር። የተከበሩ ወይዘሮ ሆይ፣ በዛፍ ላይ የሚበቅል ሁሉ የዛፉ ጠላት አይደለም። ተቀጽላ በእውነቱ ሥሩን በቅርፊቱ ውስጥ ሰርስሮ አግብቶ የዛፉን ውሃ ይጠጣልና ባለቤትዎ እርሱን ቢፈሩ አልተሳሳቱም። ኦርኪድ ግን ዛፉን መቆሚያ ያደርገዋል እንጂ አይመገበውም፤ ውሃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡንም በቅርፊቱ ስንጥቅ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅም አስቸጋሪ አይደለም። ተቀጽላ ከቅርንጫፉ ጋር የተጋጠመበት ስፍራ ብዙ ጊዜ አብጦ ይታያል፤ የኦርኪድ ሥር ግን እንደ ገመድ በቅርፊቱ ላይ ይሳባል፤ ሲደርቅ ነጣ ይላል፣ ሲረጥብ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል።

አበባው ኮከብ መስሎ ከኋላው ቀጭንና ረጅም ጭራ ካለው፣ ሊቃውንት «ኤራንጊስ» ከሚሉት ወገን ሳይሆን አይቀርም። ጭራው ጣፋጭ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ቋት ነው፤ ነጭነቱና የማታ ሽታውም ምላሳቸው የረዘመ የሌሊት ቢራቢሮዎችን ለመጥራት ነው። ስለ አገራችን ኦርኪዶች ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ታትሟልና ላገኘው ሰው መልካም መሪ ነው።

የበቅሎ ጆሮ የተባለውም ስሙን ያገኘው ቅጠሉ ወፍራም፣ ረጅምና ቀጥ ብሎ የቆመ በመሆኑ ነው። የትውልድ ስፍራው ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ሲሆን፣ እዚያም እንደ እርስዎ ተክል በዛፍ ላይ ይኖራል። ሆኖም ልጅዎ በሻንጣው ይዞት እንዲመጣ አይዘዙት። ኦርኪድን ከአገር ወደ አገር ማሻገር ፈቃድ የሚያሻው ነገር ነው፤ ኢትዮጵያም ይህን የሚወስነውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ተቀብላለች። ደግሞስ ልጅዎ በመስኮት አጠገብ በብዙ ድካም የሚያሳድገው ዓይነት ተክል በእርስዎ ዋንዛ ላይ ያለ ድካም በቅሎ የለምን?

ነፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ ኦርኪድ ከወደቀ ግን አንሥተው ያሳድጉት። አፈር ውስጥ አይቅበሩት፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳልና። ሻካራ ቅርፊት ባለው እንጨት ላይ በቃጫ በቀስታ ይሰሩት፤ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው በረንዳ ይስቀሉት። ከኅዳር እስከ መጋቢት በደረቁ ወራት ጠዋት ውሃ ይርጩለት፤ እንደ ገና ከማጠጣትዎ በፊት ግን ሥሩ ይንጣ። ቅጠሉ ከተጨማደደ ወይ ተጠምቷል፣ ወይ ሥሩ በስብሷል። ከደን ግን ፈጽሞ አይንቀሉ።

የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ፣ በውስጡም ስንቅ የሌለው ነው። ለመብቀል ረዳት የምትሆነው ጥቃቅን ፈንገስ ታስፈልገዋለች፤ ከበቀለም በኋላ እስኪያብብ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ባሕር ዛፍ በተተከለበት ስፍራ ሁሉ ይህ ተክል በቀላሉ ማረፊያ አያገኝም፤ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃልና። እንግዲህ ማረፊያው እንደ እርስዎ ያለ የጓሮ ዋንዛ ነው። በብዙ ዓመት ያደገውን አንድ ሠራተኛ በገጀራ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸውና ከዋንዛው ሥር አብረው ይቁሙ። ያበጠ መጋጠሚያ ካገኙ ተቀጽላ ነውና ያስቆርጡት፤ ባለቤትዎ እውነት አላቸው። በቅርፊቱ ላይ የሚሳበውን ነጭ ሥር ካገኙ ግን ገጀራው ወደ ቤት ይመለስ፤ ሲመሽም አበባውን አብረው ያሽቱት።