ቁጥር 35 እኩሌታ ላይ የቆመው ስብከታችን

«ጀግና» የሚለው ቃል በእኛ ዘመን ረክሷል። አንዱ የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ ይነሣል፤ ከሥሩ «ጀግና ነህ!» ይጎርፍለታል። አንዷ አዲስ ስልክ ገዝታ ካርቶኑን ስትከፍት በቪዲዮ ታሳያለች፤ «ጀግኒት!» ትባላለች። አያቶቻችን ቃሉን እንዲህ በቀላሉ አይሰጡም ነበር። ፎካሪ በድግስ መካከል ተነሥቶ ሲፎክር ከፊቱ የተቀመጡት አብረውት የዘመቱ ሰዎች ነበሩ። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል በማግስቱ የሰፈር መሣቂያ ይሆናል። ፉከራው ምስክር ነበረው ማለት ነው። የስልኩ ፉከራ ተመልካች እንጂ ምስክር የለውም።

የድሮውን ለማወደስ አይደለም ይህን የምለው። የድሮው ጀግንነት ስንት ነፍሰ ገዳይ እንዳስመሰገነም አውቃለሁ። የያዝኩት ጉዳይ ሌላ ነው። አንተም ሆንክ አንቺ ጀግና ብላችሁ የምትጠሩት ሰው የገዛ ኑሯችሁን የምትለኩበት መለኪያ ይሆናል። መለኪያው ከተበላሸ ደግሞ መልካም ኑሮ እየኖራችሁ ከንቱ እንደሆናችሁ ይሰማችኋል። ይህን በማስተምራቸው ወጣቶች ላይ በየሳምንቱ አየዋለሁ። የታመመች እናቷን እያስታመመች ወደ ትምህርቷ የምትመላለስ ልጅ «ለጌታ ምንም አልሠራሁም» ብላ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ይህን ያስተማራት ማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ «ፊልም ነው» ትሉ ይሆናል። እስቲ ከእርሱ እንጀምር። ሱፐርማን በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከእናንተ መካከል በትርጉም ያየው፣ ያለ ትርጉምም ያየው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አይቼዋለሁ። ፊልም አትዩ የሚል ስብከት ልሰብክ አልተነሣሁም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ተራው ሕዝብ ምን እንደሚሠራ ግን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ሕንፃ ሊወድቅበት ሲል ይድናል፤ በመጨረሻ ያጨበጭባል። ሌላ ሥራ የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ደግሞ ራሱን ከተራው ሕዝብ ጋር አይቆጥርም፤ ከሚበርረው ጋር ይቆጥራል። ሲወጣ መብረር አይችልም። ታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል።

«ግን አይረን ማን እኮ ራሱን ለሌሎች አሳልፎ ሰጠ፤ ይህ የወንጌል ጥላ አይደለም?» ብሎ የተከራከረኝ ተማሪ ነበር። ጥሩ ክርክር ነው። አዎን፣ ራሱን መስጠት የሚያስመሰግን እንደሆነ ዓለምም ልቧ ያውቃል። ሆኖም ቀብሩን አስታውሱት። ጀግኖቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው በተርታ ቆመዋል፤ አንድም ሰው ሞቱ ሽንፈት ይሆን ብሎ አይጠራጠርም። ጌታችን ሲሞት ወዳጆቹ አብዛኞቹ ሸሽተው ነበር፤ ኃይለኛው ደቀ መዝሙር በአንዲት ገረድ ፊት ክዶታል፤ የሃይማኖት መሪዎቹ ከመስቀሉ ሥር ቆመው ሌሎችን አዳነ፣ ራሱን ማዳን አቃተው እያሉ ያላግጡበት ነበር። በዚያ ቀን ጎልጎታ ላይ ድምፅ ቢሰጥ ኢየሱስ ጀግና ተብሎ አይመረጥም ነበር። እየተጨበጨበላችሁ መሞት አንድ ነገር ነው። እየተላገጠባችሁ መታዘዝ ሌላ ነው፤ ወንጌል ያለው እዚህኛው ጋ ነው።

ይሁንና ሙግቴ ከሆሊውድ ጋር አይደለም። ሆሊውድ ዓለም ነው፤ የዓለምን ሥራ ይሠራል። ሙግቴ ከእኛ ጋር ነው።

የወጣት ኮንፈረንስ ሲዘጋጅ በየግቢያችን አጥር ላይ የሚሰቀለውን ባነር ተመልከቱ። መሃል ላይ የሰባኪው ፎቶ፣ ግራና ቀኝ የዘማሪዎቹ፤ የኢየሱስ ስም ከታች በትንሽ ፊደል፣ ያውም ከስልክ ቁጥሩ በላይ ቦታ ከተረፈ። አገልጋዩ ሲገባ ሁለት ጎረምሳ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆኖ መንገድ ያስከፍትለታል። ማንን ነው የሚጠብቁት? ከማን? ከምእመናኑ? በማግስቱ ከስብከቱ አንዲት ደቂቃ ተቆርጣ ሙዚቃ ከሥሯ ይገባባትና ትለቀቃለች። እናንተም ትቀባበሏታላችሁ። ይህ እንግዲህ የዓለምን የጀግና አሠራር እንዳለ ወስዶ «ቅባት» የሚል ስም መስጠት ነው። ዓለምን ስንነቅፍ የኖርንበትን ነገር በገዛ መድረካችን ላይ ተከልነው።

ስብከቱንም ስሙት። የእምነት ጀግኖች ምዕራፍ እያልን የምንጠራውን ዕብራውያን 11ን የሚወድ ሰባኪ ብዙ ነው። የአንበሳ አፍ ተዘጋ! አሜን። የእሳት ኃይል ጠፋ! አሜን። ከሰይፍ ስለት አመለጡ! ከበሮ። ሴቶች ሙታናቸውን ተቀበሉ! ሃሌ ሉያ፣ ጭብጨባ፣ ጸሎት። ከዚያ ስብከቱ ያልቃል። ያለቀው ግን ቁጥር 35 እኩሌታ ላይ ነው። ቁጥሩ ራሱ አላለቀም። ቀጥሎ «ሌሎችም» የሚል አንድ ቃል አለ። ሌሎችም ማምለጥ እየቻሉ አላመለጡም፤ ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ በድንጋይ ተወገሩ፣ በመጋዝ ተሰነጠቁ፤ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው በዋሻ ኖሩ። ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን አልቀየረም፤ «እምነታቸው ግን አነሰ» አላለም። ከአንበሳ አፍ ያመለጠውንና በመጋዝ የተሰነጠቀውን በአንድ ትንፋሽ በእምነታቸው ተመሰከረላቸው ብሎ ይደመድማል (ዕብ. 11፥39)። እኛ ግን የምዕራፉን እኩሌታ ብቻ እየሰበክን ትውልድ አሳደግን። ያ ትውልድ ያልፈወሰችውን እናቱን እያስታመመ፣ እምነቴ ጎድሎ ነው እያለ ይተኛል።

ጀግና የማምለክ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ መጽሐፉ አልደበቀንም። ልስጥራን ላይ ጳውሎስ አንድ ሽባ በፈወሰ ጊዜ ሕዝቡ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ኮርማና የአበባ አክሊል አመጡላቸው። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደዱ። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥር ወረድ ሲል፣ ያው ሕዝብ ጳውሎስን ወግሮ ሞቷል ብሎ ከከተማ ውጭ ጎትቶ ጣለው (ሐዋ. 14)። አክሊል የያዘው እጅና ድንጋይ የያዘው እጅ የአንድ ሰፈር እጅ ነው። ዛሬ በአስተያየት መስጫው ሥር ነቢዩን የሚሰግዱለት ሰዎች ነገ በአንድ ወሬ እንዴት እንደሚቦጫጭቁት አላያችሁም?

የዳዊትም ነገር አለ። የሴቶቹ ከበሮ የተመታለት፣ ከሳኦል በላይ የተዘፈነለት ጀግና እርሱ ነው። ሁለተኛ ሳሙኤል 23 ላይ የኃያላኑ ስም ዝርዝር ይገኛል፤ ብዙዎቻችን በችኮላ የምናልፈው ዓይነት ዝርዝር ነው። የመጨረሻው ስም የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኬጢያዊው ኦርዮ። ጓዶቹ በሜዳ እያደሩ እኔ ቤቴ አልገባም ያለው ወታደር፣ የሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ ይዞ ወደ ጦር ሜዳ የሄደው። የተዘፈነለት ጀግና ያልተዘፈነለትን ጀግና አስገደለው። በዚያ ጊዜ በእስራኤል ዳዊትን የሚያህል ዝነኛ አልነበረም፤ ዝናው ግን ከዚህ አላዳነውም። «አንተ ነህ» የሚል ናታን ባይላክለት ኖሮ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። በባነራችሁ ላይ ያለው አገልጋይ ናታን አለው? ካለውስ በሩ ላይ ከቆሙት ጎረምሶች አልፎ መግባት ይችላል?

መልሳችሁን እሰማለሁ። «መምህር፣ ወጣት አርአያ ያስፈልገዋል፤ የእኛን ካልሰጠነው የዓለምን ይወስዳል።» እስማማለሁ። ዕብራውያን ጸሐፊም መሪዎቻችሁን አስቡ፣ በእምነታቸውም ምሰሏቸው ይላል። ነገር ግን ምን እንድንመለከት እንደነገረን አንብቡ፤ የኑሯቸውን ፍሬ፣ መጨረሻውን ነው (ዕብ. 13፥7)። የሰው መጨረሻ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም።

ሻምበል አበበ ቢቂላን እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳየውን ፎቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1961 ዓ.ም በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ እንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ፎቶ አለ። እሱን ፎቶ በስንት ቤት ግድግዳ ላይ አይታችኋል? እኔ አንድም ቀን አላየሁም። እግሮቹን ወደድናቸው። እግሮቹ ሲሄዱ ሰውየውን ለማየት ዓይን አልነበረንም። ለእኔ ከሮሙ ይልቅ የቀስቱ ፎቶ ይበልጥብኛል፤ በዚህ የማይስማማ ይኖራል፣ ይሁን።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአንድ ጊዜ በላይ ታስረዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛንያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ ጥረዋል። መንጋውን በመከራ ቀን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከአገልግሎት ሲመለሱ ተወሰዱ፣ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ተይዘው ተሠቃዩ፤ ወደ 10 ዓመት ያህልም ያለ ፍርድ ታሰሩ። ይህ ቤተሰብ የሚገኘው ከቁጥር 35 የመጀመሪያ እኩሌታ አይደለም። «ሌሎችም» ከሚለው ወዲያ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1974 ዓ.ም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም እንደገና በግልጽ ስትወጣ ወደ 34 ሺህ ደርሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያለ መድረክ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ባነር። ያ ዕድገት በእግዚአብሔር ጸጋ የመጣ ነው፤ ጸጋው ያለፈበት እጅ ግን የማን ነበር? ብዙው በየቤቱ ቡና እያፈሉ ጥቂት ሰዎችን የሰበሰቡ እናቶች እጅ ነው። ደጅ ሲንኳኳ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚሸሽጉ፣ እንግዳውን «የእኅቴ ልጅ ነው» የሚሉ (በውሸቱ ላይ የሥነ ምግባር ክርክር የምትፈልጉ ረዓብን ጠይቋት)። የአንዳቸውንም ስም ከነፎቶ በባነር ላይ አላየሁም። መድረክ ወጥተው ቢናገሩ ድምፃቸው አይሰማም ይሆናል። ጉልበታቸው ግን ወለል ያውቃል።

መጽሐፍ ቅዱስ ለእነርሱ ቃል አለው። ጌዴዎን ምድያማውያንን ፈርቶ በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ስንዴ ሲወቃ መልአኩ ኃያል ብሎ ሲጠራው በዕብራይስጡ ያለው ቃል «ሐይል» ነው፤ ለእኛ ጆሮ ትርጉም የማያስፈልገው ቃል። ባለጠጋው ቦዔዝም በዚያው ቃል ተገልጿል። ከዚያ ቦዔዝ ራሱ ቃሉን ወስዶ ለአንዲት ሞዓባዊት መበለት ሰጣት (ሩት 3፥11)። ሩት ማንን ገደለች? ምን ግንብ ሰበረች? ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ ለቀመች፣ ያገኘችውን ወቅታ ለአማቷ ይዛ ገባች፣ በማግስቱም ወጣች። ለጦረኛ የሚሰጠው ማዕረግ ቃርሚያ ለሚለቅም እጅ ተሰጠ። እናቷን የምታስታምመው ተማሪዬ ይህን ጽሑፍ ካነበበች፣ ምዕራፉን ደግማ እንድታነብበው እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ለወጣት ኅብረት መሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ፕሮግራም እንግዳ አገልጋይ ለመጥራት የያዛችሁትን በጀት ተዉት። በዚያ ዘመን ቤታቸውን የከፈቱ ሰዎች በአጥቢያችሁ አሉ፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፣ ቤታቸውን ያሳዩዋችኋል። ስኳርና ቡና ይዛችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ቤቱ አይበቃም። ስልካችሁን አጥፉ። ዝም ብላችሁ አታድምጡ፣ ጠይቋቸው፤ ማን ከዳችሁ፣ ማን ታሰረ፣ ያልተፈታስ ማን ነው፣ ጸሎታችሁ ያልተመለሰው የቱ ነው በሉ። ልትወጡ ስትሉ እማማ «እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ አትከራከሯቸው፤ ስኒዎቹን እጠቡላቸው፣ የሚመጣው ሳምንት በየትኛው ቀን እንደሚመቻቸውም ጠይቋቸው።