ለልጅ የተሰጠ ወርቅ የማን ነው?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መገባደጃ የአንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየክርስትናው ድግስና በየልደቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ለልጁ ምን ይሻለዋል? ወርቅ፣ አክሲዮን ወይስ የባንክ ደብተር?» ጥያቄው ለኢኮኖሚ ባለሙያ የሚተው ይመስላል። ይህ ጸሐፊ ግን ጉዳዩ የሕግም ነው ባይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከራሴ ቤት ልነሳ።

ልጄ የተወለደችው በ1994 ዓ.ም. ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናቷ ፒያሳ ያሠራችውን ባለ 18 ካራት፣ 10 ግራም የሚመዝን ሐብል አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። እኔ ደግሞ «ዘመናዊ ሰው ይቆጥባል» ብዬ በስሟ የቁጠባ ደብተር ከፍቼ አንድ ሺህ ብር አስገባሁላት። በጊዜው በሐብሉ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ወርቅ በዓለም ዋጋ ሲሰላ 600 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ የበለጠውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ልጄ በ2016 ዓ.ም. ስትመረቅ ሁለቱን ስጦታዎች ለማስላት ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን በ1990ዎቹ አጋማሽ 3 በመቶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ 7 በመቶ ሆነ። አንድ ሺህ ብሬ ከነወለድ ወለዱ 3 ሺህ አልሞላም። ሐብሉስ? በውስጡ ያለው 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ በዓለም ዋጋና በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ ከ32 ሺህ ብር በላይ ያወጣ ነበር። ይህ እንግዲህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ የሐብሉም ዋጋ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ተከራካሪ የለውም፣ ወርቅ ይሻላል» ብሎ ጋዜጣውን ሊያጥፍ ይችላል። አንድ ችግር አለ። ሐብሉ የለም። በ2001 ዓ.ም. መኪና ስገዛ የጎደለኝን ለመሙላት ሸጬዋለሁ። ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አልጠየቅኋትም። «በኋላ እተካዋለሁ» አልኩ፤ አልተካሁም። ስትመረቅ «አባዬ፣ ያ ፎቶው ላይ ያለው ሐብል የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሩን ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አልነካሁትም። ለምን? የእሷ ስም ተጽፎበታላ! የከፋው ሀብት ስም ስለነበረው ተረፈ፤ የተሻለው ሀብት ስም ስላልነበረው ጠፋ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ለልጅ ሀብት ስንመርጥ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ዋጋውን ይጠብቃል ወይ? በሚፈለግበት ቀን ይሸጣል ወይ? እስከዚያው ድረስስ ማን ይነካዋል? የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቃል፤ የመጨረሻውን ግን የሚጠይቅ የለም።

በዋጋው እንጀምር። ከ1994 እስከ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ወርቅ በዶላር ስምንት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ዶላር ራሱ ደግሞ ከ8 ብር ተኩል ወደ 57 ብር ገደማ ወጣ። ስለዚህ እኛ «ወርቅ ተወደደ» የምንለው ነገር ግማሹ የብር መርከስ ነው። ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። በጥር 1972 ዓ.ም. አንድ አውንስ ወርቅ እስከ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከ300 ዶላር በታች ወርዷል። በዚያ ዘመን ለልጁ ወርቅ የገዛ አሜሪካዊ ከገንዘቡ ሁለት ሦስተኛውን አጣ። በብር ካሰላነው ግን ዋጋው ጭራሹን ጨምሯል፤ ምክንያቱም በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሸጋግሮ፣ ከዚያም ማሻቀቡን ቀጥሎ ነበር። ይህ ማለት ወርቅ ኢትዮጵያዊውን ከብር መውደቅ ይከልለዋል እንጂ፣ ከራሱ ከወርቅ ገበያ ውድቀት አይከልለውም። የኑሮ ውድነቱ በ2000 ዓ.ም.ም ሆነ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ በሄደባት አገር ግን ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ እኛ የምንገዛው ወርቅ ሳይሆን ጌጥ መሆኑ ነው። ጥሬ ወርቅ መነገድ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ለአብዛኛው ሰው ወርቅ ማለት ሐብል፣ ቀለበትና የእጅ አምባር ነው። በጌጥ ላይ የሠሪው የእጅ ዋጋና የነጋዴው ትርፍ ይጨመራል፤ ስንሸጠው ግን የሚመዘነው ወርቁ ብቻ ነው። ባለ 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ፣ ባለ 21 ማለት ደግሞ 87.5 እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ባለ 21 ካራት የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ለልጅ የወደፊት ሕይወት የሚገዛ ሰው ጥለት የበዛበትን ጌጥ ትቶ፣ ካራቱ ከፍ ያለ፣ አሠራሩ ቀላል የሆነውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

የከበሩ ድንጋዮችስ? በ2000 ዓ.ም. በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ፣ በኋላም የሻኪሶ ኤመራልድ ስሙ ሲነሳ፣ «የአገራችንን ዕንቁ ለልጆቻችን» የሚሉ ሰዎች በርክተዋል። ሐሳቡ ያምራል። ይሁን እንጂ ድንጋይ እንደ ወርቅ በግራም የሚታወቅ የዕለት ዋጋ የለውም። ቀለሙ፣ ጥራቱና አቆራረጡ ዋጋውን ይወስኑታል፤ ያንን መለየት የሚችለው ደግሞ ባለሙያ ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ የመምጠጥ ባሕርይ ስላለው፣ ሲነከር ቀለሙ ይለወጣል፤ አንዳንዱም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አልማዝም ቢሆን በላቦራቶሪ መሠራት ከተስፋፋ ወዲህ የቀድሞ ዋጋውን መጠበቅ አቅቶታል። ድንጋይ ለውበት ይሰጥ፤ ለዩኒቨርሲቲ ክፍያ ግን አይታመንበት።

አክሲዮንን በተመለከተ የከተማው ነዋሪ ሁለት ዓይነት ትዝታ አለው። የግል ባንኮች ሲመሠረቱ የገቡ ሰዎች ተጠቅመዋል። በምሥረታ ላይ ነን እያሉ ገንዘብ ለሰበሰቡ ማኅበራት የከፈሉ ብዙዎች ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖባቸው ቀርቷል። ለረጅም ጊዜ ትልቁ ችግር የሚሸጥበት ገበያ አለመኖሩ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ገበያው ገና ልጅ ነው፤ የተመዘገቡት ኩባንያዎችም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን አክሲዮን ከወርቅ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ በመዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም ይሰፍራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ ፈራሽ እንደሆነ ይደነግጋል። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ግን ከእጅ ወደ እጅ በመስጠት ብቻ ሊፀና ይችላል። ስለዚህ ሐብሉ የልጄ የሆነው አንገቷ ላይ በጠለቀበት ቅጽበት ነው። እኔ እንደ አባትነቴ ሞግዚቷ ነበርኩ፤ 18 ዓመት እስኪሞላት ንብረቷን የማስተዳድረውም ለእሷ ጥቅም እንጂ ለመኪናዬ አልነበረም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 በባልና ሚስት እጅ ያለ ንብረት የአንዳቸው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ተደርጎ እንደሚገመት ይናገራል። በሽምግልና በተቀመጥኩበት አንድ ፍቺ ላይ፣ ለልጆቹ በክርስትናቸው የተሰጠ ወርቅ ከቴሌቪዥኑና ከሶፋው ጋር በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ለሁለት ተካፈለ። ልጆቹ በሌላኛው ክፍል ነበሩ። የእነሱ ነው የሚል አንድ ብጣሽ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 68 ባለትዳሮች ከጋራ ሀብታቸው ከ100 ብር የሚበልጥ ስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን?

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ እምነት መፍትሔው ውድ አይደለም። ወርቅ የሚሰጥ ሰው ካራቱና ክብደቱ የተጻፈበት ደረሰኝ በልጁ ስም ያስቆርጥ። በጀርባው ላይ «ለእገሌ/ለእገሊት በክርስትናው/ዋ ቀን የተሰጠ» ብሎ ከሁለት ምስክሮች ጋር ይፈርምበት። ወላጆች ወረቀቱን ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር ያስቀምጡ። አቅም ያለው ሰው ስጦታውን ይከፋፍል፤ ጥቂት ወርቅ ለብር መውደቅ፣ ጥቂት አክሲዮን ለረጅም ጊዜ፣ ጥቂት ገንዘብ ለአስቸኳይ። ለሕፃናት ሒሳብ የሚከፍቱ ባንኮችም ደብተሩን በሥዕል ከማሳመር ይልቅ፣ ከዋጋ ንረቱ ጋር የሚራመድ ወለድ ቢያስቡበት ለልጆቹ የሚበጀው እሱ ነው።

እኔስ? ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ9,900 ብር በልጄ ስም ገዛሁላት። የሐብሉን ዋጋ ሲሶ እንኳ አይሆንም፤ ቀሪውን በየዓመቱ ለመክፈል ቃል ገብቻለሁ። እሷ «ተወው አባዬ» ትለኛለች። እኔ ግን ዕዳ መሆኑን ሕግ ሲያስተምሩኝ ነው የነገሩኝ፤ የገባኝ ዘግይቶ ነው።