280 ያመጣችው ልጅ ነርስ መሆን ብትፈልግስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ የኮሌጅ ባነር መንገዱን ይሞላዋል። «ምዝገባ ላይ ነን» ይላል፤ ከሥሩ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ አካውንቲንግ ተደርድሯል። ባነሩ የማይነግራችሁ ነገር ስላለ ዛሬ እሱን እናውራ።

የ2014 ዓ.ም ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ኩረጃው መቅረቱን ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በር ላይ ሲቀር «ሰነፍ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለአገር አይበጅም።

አንዲት የመቂ ልጅ እንውሰድ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ጥሩ አምጥታለች፣ ፊዚክስ ጥሏታል፤ ድምሩ ከ600 280 ሆነ። ማለፊያው 300 ነው። ቁስል የምታጥበውን፣ መርፌ የምትወጋውን፣ ሌሊት ወላድ የምትከታተለውን ልጅ የምንመርጠው ኢንጂነር በምንመርጥበት ያው ድምር ነው። ይሄ ለእኔ አይገባኝም። ለጤና ትምህርት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ የበለጠ ክብደት ቢሰጣቸው ምን ይጎድላል?

ሒሳብን ያስገባሁት አውቄ ነው። የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ይሰላል፤ ነጥብ አንድ ቦታ ከተዛነፈ አሥር እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ «ዝም ብላችሁ በሩን ክፈቱ» ከሚሉት ጋር አይደለሁም። በሩ ሰፊ በነበረበት ጊዜ የሆነውን አይተናል። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና በ2015 ሲሰጥ ከግል ተቋማት 72,203 ተማሪ ተቀምጦ ያለፈው 12,422 ነው፤ 17.2 ከመቶ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 ከመቶ ገደማ አልፏል። የቀረው ስንት ዓመት ከፍሎ ዲግሪ ሳይዝ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ክፍያ እኮ የአባት ሽንኩርት ነው፣ የእናት ጉልት ነው፣ ባቱ አበባ እርሻ የምትውል እህት ደመወዝ ነው።

አሁን ለግል ኮሌጅ ዲግሪም ያው 50 ከመቶ ወይም ሬሜዲያል ማለፍ ይጠየቃል። መስፈርቱን ሳታሟሉ «እኛ እናስተካክለዋለን» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኋላ የመግቢያ ማስረጃችሁን ሲያይ የሚያስተካክለው ሰው የለም፤ ጊዜውም ገንዘቡም የእናንተ ነው።

ሬሜዲያል ያልደረሳት ልጅስ? የደረጃ 4 ነርሲንግ አለ። ሻሸመኔና አሰላ የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉ። ሰፈር ውስጥ ደረጃ 4 ሲባል ፊቱን የሚያዞር ወላጅ ብዙ ነው፤ «ዲግሪ ካልሆነ ምኑን ተማረች» ይላል። (ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲታከም ያከመችውን «ዲግሪሽን አሳዪኝ» ሲል ግን አልሰማሁም።) እዚህም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሲኦሲ አለ። እሱን ካላለፈች ሠልጥናም ቤት ትቀመጣለች። ከደረጃ 4 ሠርታ ወደ ዲግሪ የምታድግበት መንገድም ጠባብ መሆን የለበትም። ሦስት ዓመት ዋርድ ውስጥ የሠራችን ነርስ በ12ኛ ክፍል ፊዚክስ እየመዘኑ ማስቀረት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መንግሥት አንድ ቀላል ነገር ማዘዝ ይችላል። ማንኛውም የጤና ኮሌጅ ባነር ሲሰቅል ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ እንዳስፈተነና ስንቱ መውጫ ፈተናውን ወይም ሲኦሲውን እንዳለፈ እዚያው ባነር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሕንፃውን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ይቅር። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ እናንተ ወላጆች ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ፣ ብር ከኪሳችሁ ሳታወጡ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት አለፈ? ልጄ ልምምድ የምትወጣው የትኛው ሆስፒታል ነው? ውሉስ የታለ? መልሱ «አታስቡ» ከሆነ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።