ዋናውን የሚበላ ንግድ

ነጋዴ ትርፉን እየበላ ዋናውን ይጠብቃል፤ ዋናውን የበላ ግን ውሎ አድሮ ሱቁን መዝጋቱ አይቀርም። ይህ ሕግ በጨርቃ ጨርቅና በቡና ንግድ ብቻ ሳይሆን፥ በወንዝ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ዓሣ ንግድም የሚሠራ መሆኑን በሕንድ አገር የደረሰው ነገር ያስረዳናል።

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፥ በኬራላና በካርናታካ ግዛቶች፥ ከምዕራብ ጋትስ ተራሮች በሚወርዱ ፈጣን ወንዞች ውስጥ «የዴኒሰን ባርብ» የሚባል ዓሣ ይኖራል። ስሙ የማድራስ ገዥ ለነበሩት ለሰር ዊልያም ዴኒሰን መታሰቢያ ሲሆን፥ ፍራንሲስ ዴይ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. የሰጠው ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ገላው እንደ ብር ያበራል፤ ከአፍንጫው የሚጀምር ቀይ መስመር፥ ከሥሩም እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ስለ ውበቱም ነጋዴዎች «ሚስ ኬራላ» ይሉታል።

ይህ ዓሣ በ1997 ዓ.ም. በሲንጋፖር በተደረገው የጌጥ ዓሣ ኤግዚቢሽን ከተሸለመ ወዲህ፥ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ፈላጊዎቹ ሆኑ። ተመራማሪዎች እንደገለጹት፥ ከ2005 እስከ 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከዚሁ ዓሣና ከቅርብ ዘመዱ ከ300,000 በላይ ከሕንድ ወደ ውጭ ተልኳል። ከወንዝ የሚጠመደው በዛ፤ የሚተካው አነሰ። የአሸዋ ዛቂዎች ሥራ፥ የግድብ መሠራትና የውሃ መበከልም ተጨመረበት። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ከሚያሰጋቸው ፍጥረቶች መካከል መዝግቦታል።

የኬራላ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ማጥመዱ በተወሰኑ ወሮች እንዲዘጋ ደንብ አወጣ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በኋላ የተደረገው ጥናት ዓሣው በብዛት የሚራባባቸው ወሮች ከተዘጉት ወሮች ጋር የማይስማሙ መሆናቸውን አሳየ። በሩ የተቆለፈው ሌባው ባልመጣበት ሌሊት ነበር ማለት ነው።

ነጋዴን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። ዓሣውን በገንዳ ማራባት ስለ ተቻለ፥ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያሉ አርቢዎች ለዓለም ገበያ ያቀርቡታል። ይህ ለወንዙ እፎይታ ነው፤ ትርፉ ግን በዓሣው አገር ወንዝ ዳር ለሚኖሩት አጥማጆች አይደርስም። «ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ንግዱ ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ድሃ የሚተዳደርበት ሥራ ሲከለከል በስውር ይቀጥላልና። የሚሻለው ዓሣው በትውልድ አገሩ እንዲረባ ገንዘብ ማውጣት፥ የማጥመጃውን ጊዜ በእውቀት መወሰን፥ አስመጪውም ዕቃው ከገንዳ ወይም ከወንዝ የመጣ መሆኑን ሳይጠይቅ አለመግዛት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቃችንም በሌላ ስፍራ የማይገኙ፥ የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ዓሦች አሉ። እነርሱም በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ በመረብ መያዛቸው ቁጥራቸውን እንዳሳነሰው ጥናቶች መስክረዋል። ዓሣ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ በመራቢያቸው ወራት የተጠመደውን አልቀበልም ቢል፥ ከማንኛውም ደንብ የበለጠ ኃይል አለው። በዚያ ወር የሚቀርበት ገቢ ለሚመጣው ዓመት ያስቀመጠው ዋና ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።