«ኡፍ!» እና የነጻ ድምፅ ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ2022 ሐምሌ ወር ሮብሎክስ በተባለው የጌም መድረክ ላይ የሚጫወቱ ልጆች አንድ ነገር ጎደለባቸው። ገጸ ባሕሪያቸው በሞተ ቁጥር ለዓመታት ሲሰሙት የኖሩት «ኡፍ!» የሚል ድምፅ ጠፍቶ በቦታው ሌላ ገብቷል። ድምፁ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግን ሮብሎክስን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚያውቀው፣ ብዙ የተቀለደበት፣ በየቪዲዮው የሚሰካ ድምፅ ነበር። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው አለ።

ያ «ኡፍ» ሮብሎክስ ከመጀመሩ በፊት፣ በ2000 በወጣ «መሳያ» በተባለ ሌላ ጌም ውስጥ የነበረ ድምፅ ነው። የዚያን ጌም ድምፅ የሠራው በቶሚ ታላሪኮ የሚመራ ቡድን ነበር። ሮብሎክስ በ2006 ሥራ ከጀመረ ከብዙ ዓመት በኋላ ታላሪኮ የባለቤትነት ጥያቄ ይዞ መጣ። በ2020 ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸው ተነገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ድምፁ ጭራሹን ወጣ።

ሮብሎክስ ጠበቃም ገንዘብም አለው። አንድ ድምፅ ቀይሮ መንገዱን ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ ጌም የሚሠራው ወጣት ግን ጠበቃ የለውም። ያለው ጊዜው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የለፋበት ጌም ከመደብር ቢወርድበት ጉዳቱን የሚሸከምለት የለም። እንግዲህ «ድምፅ ምን ችግር አለው፣ ከኢንተርኔት ይወርዳል» የሚለው አነጋገር መፈተሽ ያለበት ከዚህ ወጣት አንጻር ነው።

መቼም ነጻ ድምፅ የሚፈልገው ስስታም ስለሆነ አይደለም። አንድ ትንሽ ጌም እንኳ በርካታ ድምፆች ይፈልጋል፤ የእርምጃ፣ የዝላይ፣ የበር፣ የሳንቲም፣ የንፋስ፣ የቁልፍ መጫን፣ የማሸነፍ፣ የመሸነፍ። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ይህን ከድምፅ መደብር ይገዛሉ ወይም ሰው ይቀጥራሉ። እዚህ ግን ገንዘቡ ቢኖር እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ድምፅ የሌለው ጌም ደግሞ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ተጫዋቹ የጎደለውን ለይቶ ባይናገርም ሁለተኛ አይመለስበትም። ስለዚህ በነጻ መፈለጉ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው አፈላለጉ ላይ ነው።

አማርኛው «ነጻ» ሲል ሦስት ነገር ይናገራል። ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ነው፤ ያልታሰረ ማለት ነው፤ ከክስ የወጣ ማለትም ነው። ብዙው ጌም ሠሪ የመጀመሪያውን ሲያገኝ ሁለቱንም ሌሎች ያገኘ ይመስለዋል። ዩቲዩብ ላይ «ነጻ የፍንዳታ ድምፅ» የሚል ቪዲዮ ይከፍታል፣ ድምፁን ቆርጦ ያወርዳል፣ ፋይሉን «ቡም 2» ብሎ ይሰይመዋል፣ ጌሙ ውስጥ ይከተዋል። ከስድስት ወር በኋላ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ራሱም አያውቅም። ምናልባት ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ከፊልም ነቅሎት ይሆናል፤ ሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን መፍቀድ አይችልም።

«ማን ያውቅብኛል?» የሚለው ክርክር የታወቀ ነው። ጌሙን የሚጫወቱት ሦስት መቶ ሰዎች ናቸው፣ ለሦስት መቶ ሰው ብሎ ማን ይከሳል? እውነት ነው፣ ለሦስት መቶ ሰው ማንም አይነሳም። ችግሩ የሚመጣው ሦስት መቶው ሦስት መቶ ሺህ ሲሆን ነው። ሮብሎክስም ቢሆን ማንም በማያውቀው ጊዜ «ኡፍ» ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ጥያቄው የመጣው ዓለም ካወቀው በኋላ ነው። የፈቃድ ጣጣ ሰውን የሚጠብቀው ስኬት በር ላይ ነው። አሳታሚ ወይም ባለሀብት ሲመጣ ከመጀመሪያ ጥያቄዎቹ አንዱ «ጌሙ ውስጥ ያለው ሁሉ የማን ነው?» የሚል ነው። ጎግል ፕሌይና ስቲም ደግሞ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው፤ በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የመብት ባለቤት ሲያመለክት ይዘት የሚወርድበትን መንገድ ዘርግቷል። አገር ቤትም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ቀረጻ አዘጋጆችን መብት ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደግሞ የሕግ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሥራው ያለ ፈቃዱ ተቀድቶ ሲሸጥ የሚያየው ድምፃዊ እንዴት እንደሚቆጣ ይታወቃል። ጌም ሠሪውም ነገ የራሱ ጌም ስሙ ተቀይሮ ሌላ ሰው መደብር ላይ ቢያየው ይጮሃል። የሌላውን ድምፅ ሳይጠይቅ የወሰደ ሰው ግን ያን ቀን ምን አፍ ይኖረዋል?

ደግነቱ ንጹሕ መንገድ አለ፤ እንደሚፈራውም አስቸጋሪ አይደለም።

ባርሴሎና የሚገኘው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ቡድን በ2005 ፍሪሳውንድ የተባለ የድምፅ ማከማቻ ከፈተ። ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፆች አሉበት፤ ሁሉንም የጫኑት በፈቃዳቸው የሰጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ ያሉት ድምፆች ፈቃዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። «ሲሲ ዜሮ» የተባለበት ምንም ግዴታ የለበትም፤ ሰጪው መብቱን ትቶታል። «ሲሲ ባይ» የተባለበት የሰጪውን ስም መጥቀስ ይጠይቃል። «ኖን ኮሜርሻል» የሚል የታከለበት ደግሞ ለንግድ አይሆንም፤ ጌሙ በነጻ ቢወርድም ማስታወቂያ ካለበት ገንዘብ ያስገባልና እንዲህ ያለውን ድምፅ አለመንካት ይሻላል። ፍለጋው ላይ በፈቃድ ዓይነት ማጣራት ስለሚቻል፣ ጀማሪ ከሲሲ ዜሮ ቢነሳ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ኬኒ በሚል ስም የሚታወቀው የኔዘርላንድ ጌም ሠሪ የሚያወጣቸው የድምፅ ጥቅሎችም በሲሲ ዜሮ ናቸው፤ የቁልፍ፣ የእርምጃ፣ የብረት ግጭት ድምፅ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ናቸው። ኦፕን ጌም አርት ላይም ብዙ አለ፤ እዚያ ግን ፈቃዶቹ የተለያዩ ስለሆኑ እያንዳንዱን ማየት ግድ ነው። ሶኒስ የተባለው ኩባንያ ከ2015 ጀምሮ የጌም ሠሪዎች ጉባኤን ምክንያት በማድረግ በባለሙያ የተቀረጹ ድምፆችን በጥቅል በነጻ ይለቃል። ለንግድ ጌም ይሆናሉ፣ ስም መጥቀስም አይጠይቁም፤ ድምፁን ለብቻው መልሶ መሸጥ ግን አይፈቀድም። ጥቅሉ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይሞከርም፤ ጓደኛሞች አንድ ቦታ አውርደው በሃርድ ዲስክ ቢቀባበሉት ይሻላል።

ሰው በስም ብቻ የሚታለልበትም አለ። ቢቢሲ የድምፅ ማኅደሩን በ2018 ለሕዝብ ከፍቷል፤ ከ30,000 በላይ ድምፆች በነጻ ይደመጣሉ፣ ይወርዳሉም። ነገር ግን በነጻ የተፈቀደው ለግል፣ ለትምህርትና ለምርምር ነው። ለሚሸጥ ጌም ሌላ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። «ቢቢሲ በነጻ ለቀቀው» የሚለውን ርዕስ ብቻ አንብቦ የሮጠ ጌም ሠሪ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው መንገድ ድምፁን በፕሮግራም መፍጠር ነው። ቶማስ ፔተርሰን የተባለ ስዊድናዊ በ2007 በአጭር ጊዜ ጌም ለሚሠራበት ሉደም ዴር ለተባለው ውድድር ኤስኤፍኤክስአር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። አንድ ቁልፍ ሲጫን የሳንቲም፣ የዝላይ፣ የተኩስ ድምፅ ታወጣለች፤ እስኪጥም ድረስ እየቀያየሩ ማስቀመጥ ነው። ብራውዘር ላይ የሚሠሩ ዘመዶቿም አሉ። ድምፁ የድሮ ጌም ይመስላል፣ ለሁሉም አይሆንም፤ ግን ከማንም አልተወሰደም።

ሦስተኛው መንገድ የሚናቀው ነው፤ ራስ መቅዳት። ፊልም ሠሪዎች ከመቶ ዓመት ለሚቀርብ ጊዜ ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። የፈረስ ኮቴ የሚያሰሙት በኮኮናት ቅርፊት ነው፤ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ሴለሪ የሚባል አትክልት ሲሰበር ነው፤ በረዶ ሲረገጥ የሚመስለው የበቆሎ ስታርች በከረጢት ሲጨመቅ ነው። እዚህስ ምን ጠፋ? የደረቀ የበቆሎ አገዳ አለ፣ ገል አለ፣ የቆርቆሮ በር አለ፣ ሙቀጫ አለ። ስልክ መቅጃ ይሆናል። ሌሊት፣ መኪና ሲቀንስ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቅዳት ነው። ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ነው፤ ትርፉን ለመቁረጥ፣ ጫጫታ ለመቀነስ፣ ድምፁን ለማወፈርና ለማቅጠን ይበቃል።

ስለ እርምጃ ድምፅ አንድ ምክር፦ አንዱን ፋይል ደጋግሞ ማጫወት ጆሮ ይሰለቻል። አራት አምስት ጊዜ ቀድቶ ማፈራረቅ ጌሙን ሌላ ያስመስለዋል። መጠንም ይታሰብበት፤ አንድ ደቂቃ ያልታመቀ የስቴሪዮ ዋቭ ፋይል በሲዲ ጥራት ከ10 ሜጋባይት ይበልጣል፣ ለእርምጃና ለቁልፍ ግን አጭር ሞኖ ይበቃል። ስልኩ ላይ ቦታ የሌለው ተጫዋች ከባድ ጌም አያወርድም።

ራስ የመቅዳት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የሆነ ጌም ሲከፈት ጎዳናው የለንደን ከሆነ፣ ገበያው የሌላ አገር ቋንቋ የሚጮህበት ከሆነ ተጫዋቹ ወዲያው ይነቃል። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ጀበና ሲንተከተክ፣ ቡና ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በሩን በመዳፉ ሲመታ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ከባርሴሎና ማከማቻ ከመጠበቅ ወጥቶ መቅዳት ይቀላል። የሰው ድምፅ ከሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ነው፤ የሰው ዘፈን ከኋላ ከገባ ደግሞ ያ ቅጂ አይሆንም።

አንድ ነገር ሁሉንም መንገዶች ያያይዛቸዋል፤ መዝገብ። ጌሙ በተጀመረበት ቀን አንድ ሠንጠረዥ ይከፈት። የፋይሉ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የሰጪው ስም፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የወረደበት ቀን። የፈቃዱ ገጽ ፎቶም ይቀመጥ፤ ሰጪው ነገ ድምፁን ከገጹ ቢያነሳው ማስረጃው ያ ነው። ከመውሰድ በፊት ደግሞ የሰጪው ሌሎች ድምፆች ይታዩ። በምን እንደቀዳ፣ የት እንደቀዳ የሚጽፍ ሰው የራሱን ነው የሚሰጠው። ከታወቀ ፊልም የመጣ የሚመስል ፍንዳታ «የእኔ ነው» ብሎ የለጠፈ ግን ሲሲ ዜሮ ቢልም አይታመንም። ይህ ሁሉ ለአንድ ድምፅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጌሙ ካለቀ በኋላ ለመፈለግ ግን ሳምንታት ይበላል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይገኝም።

በመጨረሻም ስም መጥቀስን እንደ ግዴታ ብቻ ማየት ይቅር። ፈቃዱ ባይጠይቅ እንኳ በጌሙ መጨረሻ ገጽ ላይ «ለድምፅ እናመሰግናለን» ብሎ የሰጪዎቹን ስም መደርደር ምንም አያስከፍልም። አንድ ሰው በማያውቀው አገር ዝናብ ውስጥ ቆሞ የቀዳውን ድምፅ ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። ውለታውን ለመመለስ የሚፈልግ ደግሞ የቀዳውን የጀበና ድምፅ በሲሲ ዜሮ ይጫነው። ነገ ሌላ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያለ ጌም ሠሪ «የጀበና ድምፅ» ብሎ ሲፈልግ ያገኘዋል፤ ከማን እንደወሰደም ያውቃል።